ቧንቧው የሚያገኛቸው አንድ ላይ ነው

(ኦስሎ ውስጥ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው፤ ድግግሞሹን በጥቂቱ ብቻ ቀንሼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ! ከትሮንድሄምና ከበርገን ድረስ የመጣችሁ አላችሁ፤ በርቱ። ከኋላ ቡና የምታፈሉልን እናቶች፣ እግዜር ይስጥልን። ሽታው መድረኩ ድረስ ስለደረሰ ንግግር ማስረዘም እንደማይቻል ገብቶኛል።

አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ንገረን» ሲሉኝ ትንሽ አመነታሁ። ሥራዬን ለሰው ሳስረዳ ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሰው ስልኩን ያወጣል። ዛሬ ግን በሩ ተዘግቷል፤ ማምለጫ የላችሁም።

ሥራዬ ምንድን ነው? ከሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ከቆሻሻ ማቃጠያ፣ ከማዳበሪያ ፋብሪካ ጭስ ውስጥ ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ይለያል፤ ባጭሩ «ካርቦን» እያልኩ እጠራዋለሁ። ይጨመቃል፣ ወይም ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል። በመርከብና በቧንቧ ተጉዞ ከባሕር ወለል በታች ይቀበራል። እኔ ያለሁት መሃሉ ላይ ነው። ከካርቦኑ ጋር አብረው የተሳፈሩት ባዕድ ነገሮች መንገድ ላይ ምን ያደርጋሉ? ይህን በኮምፒውተር ሞዴል ማስላት ነው እንጀራዬ።

ባዕድ ነገር ስላችሁ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚጨምረው ነጋዴ ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም። እዚህ ግን ለትርፍ ብሎ የጨመረ የለም። ጭሱ ራሱ ይዞት የመጣ ነው። እንዲያውም የበርበሬው ይሻላል። ሸክላው በርበሬ ውስጥ ገብቶ ሸክላ እንደሆነ ይቀራል። የእኛዎቹ መንገድ ላይ ተገናኝተው ሌላ ነገር ይሆናሉ።

ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ። አንደኛ፣ ከካርቦኑ ጋር ማን ማን ይጓዛል? ሁለተኛ፣ እንዴት እናሰላዋለን? ስሌቱስ የት ላይ ይከዳናል? ሦስተኛ፣ ሂሳቡን ማን ይከፍላል? ሁለተኛው ይረዝማል፤ ከአሁኑ ይቅርታ።

አንደኛው። ኖርዌይ እዚህ ሥራ ውስጥ የገባችው ለጽድቅ ብቻ ብላ አይደለም። በ1991 የካርቦን ግብር ጣለች። የሰሜን ባሕሩ የስላይፕነር መስክ ከሚያወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለይ ነበር። ግብር እየከፈሉ ወደ አየር ከመልቀቅ መቅበሩ አዋጣ። ከ1996 ጀምሮ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ ሲቀበር ኖሯል። ግብር ሲመጣ ሁሉም አካባቢ ወዳድ ይሆናል።

ስላይፕነር ላይ ነገሩ ቀላል ነበር። ምንጩ አንድ ነው፤ ጉድጓዱም እዚያው ነው። አሁን ግን ተቀይሯል። በ2025 ብሬቪክ ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ በዓመት 400,000 ቶን የሚይዝ ፕላንት ሥራ አስጀመረ። ፈሳሹ በመርከብ ተጭኖ በርገን አጠገብ ወዳለው ኦይጋርደን ይሄዳል። ከዚያ በባሕር ውስጥ ቧንቧ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከባሕሩ ወለል 2,600 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገባል። ፕሮጀክቱ ኖርዘርን ላይትስ ይባላል፤ የሦስቱ የነዳጅ ኩባንያዎች፣ የኤክዊኖር፣ የሼልና የቶታልኢነርጂስ ነው። የመጀመሪያው ካርቦን የተቀበረው በኦገስት 2025 ነው።

ልዩነቱን አያችሁት? ኖርዘርን ላይትስ እንደ አውቶቡስ ተራ ለሁሉም ክፍት ነው። ዛሬ ከሲሚንቶ የመጣ፣ ነገ ከሆላንድ የማዳበሪያ ፋብሪካ የመጣ፣ ከነገ ወዲያ ከቆሻሻ ማቃጠያ የመጣ። እያንዳንዱ የራሱን ጓዝ ይዞ ይመጣል።

ጓዙ ምንድን ነው? እንደ አያያዙ ነው። ጭሱን አሚን በሚባል፣ ካርቦኑን በሚይዝ ፈሳሽ ኬሚካል አጥበው የሚለዩት በጣም ንጹሕ ያወጣሉ። ሆኖም ውሃ ይከተለዋል፤ ትንሽ ኦክስጅን ይከተለዋል። አሚኑ ራሱ ሲበላሽ የሚወጡ አሞኒያና አልዲሃይዶችም አሉ። በአየር ፋንታ በንጹሕ ኦክስጅን የሚያቃጥሉ ደግሞ ናይትሮጅን፣ አርጎን፣ የተረፈ ኦክስጅን፣ የሰልፈርና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይዘው ይመጣሉ። ነዳጁን ከመቃጠሉ በፊት ወደ ጋዝ የሚቀይሩት ጋ ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ነው።

«99 በመቶ ንጹሕ ነው» ሲሏችሁ አትደነቁ። የቀረው አንድ በመቶ 10,000 ፒፒኤም ነው። ፒፒኤም ማለት ከአንድ ሚሊዮን ሞለኪውል አንዱ ማለት ነው። እኛ የምንጨቃጨቀው ስለ አሥር ፒፒኤም ነው። ስለ አንድ ተኩል ፒፒኤም ነው!

ለምን ይህን ያህል ጭንቀት? እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ።

እኔ ያደግኩት ምዕራብ ሐረርጌ ነው። እኛ አገር ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። በእንጨትና በአፈር ይደፈናል። ለወራት እህሉ ውስጥ ይተነፍሳል፤ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያጠራቅማል። ነቀዙ የሚሞተውም ለዚህ ነው። ጉድጓዱ ሲከፈት ዘሎ የሚገባ የለም። አያቴ አፉን ከፍቶ ይተወዋል። ቆይቶ ኩራዝ ለኩሶ በገመድ ያወርዳል። እኛ ልጆቹ በሆዳችን ተኝተን እናያለን። እሳቱ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ሲደርስ እፍ ያሉት ያህል ድርግም ይላል። «ዛሬ አይገባም» ይላል አያቴ፤ አለቀ። እኔ ጂኒ ያጠፋው ይመስለኝ ነበር።

ጂኒው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ይከብዳል፤ ዝቅተኛ ቦታ ይፈልጋል፤ ሽታ የለውም። በ1986 ካሜሩን ውስጥ ኒዮስ የሚባል ሐይቅ ከሥሩ ያጠራቀመውን በአንድ ሌሊት ተፋ። ሸለቆ ውስጥ የተኙ 1,700 ያህል ሰዎች ከነከብቶቻቸው ሞቱ።

ቧንቧም ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ሳታርሺያ በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ 24 ኢንች የካርቦን ቧንቧ ተበጠሰ። ከባድ ዝናብ ያራሰው አፈር ተንሸራቶ ነው የበጠሰው። 200 ያህል ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። 45 ሰዎች ሕክምና አስፈለጋቸው። መኪኖች መንገድ ላይ ሞተራቸው ጠፋ፤ ሞተርም ኦክስጅን ይፈልጋላ! የሞተ ሰው የለም፤ ተመስገን። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የኩባንያው ሞዴል ጋዙ ቢያመልጥ እስከየት እንደሚደርስ ሲያሰላ አሳንሶ ነበር ያሰላው። የመንግሥት ምርመራ ያለው ይህን ነው። መንደሯ በወረቀት ላይ ከአደጋ ክልል ውጭ ነበረች።

ሞዴል ቀልድ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ወደ ሁለተኛው ነጥብ ገባን።

ሁለተኛው። ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በደንብ እናውቀዋለን። ከድሮ ጀምሮ የሳይንቲስቶች ወዳጅ ነው። በ1869 ቶማስ አንድሩስ የተባለ የቤልፋስት ሳይንቲስት አንድ ነገር አሳየ። ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ይህን ጋዝ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጨምቁት ፈሳሽ አይሆንም። ፈሳሽና ጋዝ የሚባል ልዩነት ይጠፋል። ግፊቱ እዚያች ነጥብ ላይ 74 ባር ገደማ ነው፤ አንድ ባር በባሕር ጠለል ላይ ያለው የአየር ግፊት ያህል ነው። በ1873 ቫን ደር ቫልስ የሚባለው ሆላንዳዊ ለዚህ ቀመር አበጀ፤ በ1910 ኖቤል ተሸለመ።

ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ትንሽ የብረት ዕቃ አለ፤ መስኮቱ ወፍራም ሳፋየር ነው። ውስጡ ግማሽ ፈሳሽ፣ ግማሽ ጋዝ። በመሃላቸው ቀጭን መስመር ይታያል። ቀስ ብለው ያሞቁታል። 30 ዲግሪ፣ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ከፍ... መስመሩ ይደበዝዛል። ዕቃው በሙሉ ጉም ይለብሳል። ከዚያ ጉሙም መስመሩም የለም፤ ጥርት ያለ አንድ ነገር ብቻ። ፈሳሹ የት ሄደ? ጋዙስ? መልስ የለውም። ይህን አይቶ ቴርሞዳይናሚክስ ሰለቸኝ የሚል ተማሪ ካለ ሌላ ሙያ ይፈልግ።

ለንጹሑ ካርቦን በ1996 ስፓንና ቫግነር የሚባሉ ጀርመኖች ያሳተሙት ቀመር አለ፤ እስከ ዛሬ መለኪያችን እሱ ነው። ንጹሑ አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ሲጨመርበት ነው።

ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 20 ዲግሪ ላይ 57 ባር ሲደርስ ይፈላል። አንድ ግፊት፣ አንድ ነጥብ። ከዚያ በላይ ፈሳሽ፣ ከዚያ በታች ጋዝ። ትንሽ ናይትሮጅን ጨምሩበት። አሁን መፍላት የሚጀምረው ከዚያ ከፍ ባለ ግፊት ነው። ተጀምሮም ቶሎ አያልቅም፤ ሰፋ ባለ የግፊት ክልል ውስጥ ፈሳሽና ጋዝ አብረው ይኖራሉ። ፓምፕ ውስጥ አረፋ ገባ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የውሃ ሥራ የሠራችሁ ታውቃላችሁ። ሃይድሮጅን ደግሞ ይብሳል፤ ጥቂቱ ብዙ ያናጋል።

ይህ ለምን ያሳስባል? አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጣችሁ። ቧንቧ ሲሰነጠቅ ሁለት ሯጮች ይነሳሉ። አንዱ ስንጥቁ ነው፤ ብረቱን እየቀደደ ይሮጣል። ሌላው የግፊቱ መውረድ ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ ይሮጣል። ግፊቱ ቀድሞ ከወረደ ስንጥቁ ጉልበት አጥቶ ይቆማል። ስንጥቁ ከቀደመ ግን ቧንቧው እንደ ዚፕ ይከፈታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ ሲወርድ መፍላት ይጀምራል፤ መፍላት ሲጀምር ግፊቱ እዚያው ላይ ይቆያል። ባዕድ ጋዝ ሲጨመር መፍላት የሚጀምረው ከፍ ባለ ግፊት ነው ብያችኋለሁ። ስለዚህ ስንጥቁን የሚገፋው ጉልበት ከፍ እንዳለ ይቆያል። ወፍራም ብረት፣ ጠንካራ ብረት ትፈልጋላችሁ፤ ያ ገንዘብ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ስፓዴአዳም በሚባል የሙከራ ቦታ እውነተኛ ቧንቧዎችን በካርቦን ሞልተው ሆን ብለው ቀደዷቸው። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራው የቆየ ስሌት ለካርቦን እንዳለ ሲወሰድ «ይህ ብረት ይበቃል» ያለው ሁልጊዜ እንደማይበቃ ታየ።

አሁን ቀመሩ ውስጥ ግቡልኝ። አትፍሩ፤ ሂሳብ አልጽፍም። ከ1976 ጀምሮ ኢንዱስትሪው በጣም የሚጠቀምበት ፔንግ ሮቢንሰን የሚባል ቀመር አለ። የእያንዳንዱን ጋዝ ጠባይ ለብቻ ያውቃል። ሁለት ጋዞች ሲቀላቀሉ ግን አንድ ተጨማሪ ቁጥር ይጠይቃል፦ እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ ምን ያህል ይሳሳባሉ? ያ ቁጥር ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ላቦራቶሪ ገብቶ፣ ሁለቱን ቀላቅሎ፣ በየሙቀቱ የሚፈሉበትን ግፊት ለክቶ፣ ቀመሩ ልኬቱን እስኪመስል ድረስ ቁጥሩን ያስተካክላል። ከዚህ የረቀቁም አሉ። ጂኢአርጂ 2008 የሚባለው አለ፤ መጀመሪያ ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ነው። ለካርቦን ቅልቅሎች ተብሎ የተዘጋጀ «ኢኦኤስ ሲጂ» የሚባልም አለ። የተሻሉ ናቸው። ግን እነሱም የሚያውቁት የተለካውን ነው።

አንድ ቀን አብሮን የሚሠራ የማስተርስ ተማሪ መጣ፤ የእኛው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ሞዴሉ ችግር የለም ይላል» አለኝ።

«በምን ዳታ?» አልኩት።

«ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ነው።»

«እስቲ ሠንጠረዡን ክፈተው።»

ከፈተው። ከላይ ወደ ታች የጋዞቹ ስም፣ ከግራ ወደ ቀኝም የጋዞቹ ስም። በየመገናኛቸው ቁጥር አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን፦ ቁጥር አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፦ ቁጥር አለ። ወደ ታች ስንወርድ ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

«ዜሮ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«አይነካኩም ማለት ነው።»

«አይደለም። ማንም ቁጥር አልሰጣቸውም ማለት ነው።»

ይህች ዜሮ ክፉ ናት! ባዶ ብትሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ይቆም ነበር፤ እኛም እንነቃ ነበር። ዜሮ ስለሆነች ግን ስሌቱ ይቀጥላል። ያማረ ግራፍ ይወጣል። ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ይጻፍበታል። አለቃ ፊት ይቀርባል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ በዚያው ሳምንት ሠንጠረዡን በቀለም ከፋፈለው፦ የተለካው አረንጓዴ፣ የተገመተው ቢጫ፣ ማንም ያልነካው ቀይ። አሁን የእኔ ቡድን ያንን ቀለም ሳያይ ውጤት አይቀበልም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፊዚክሱ ነው፤ ስለ መፍላትና ስለ መጭመቅ። የባሰው ኬሚስትሪው ነው።

በ2000ዎቹ መጨረሻ ዳይናሚስ የሚባል የአውሮፓ ፕሮጀክት «በቧንቧ የሚሄድ ካርቦን ይህን ያህል ባዕድ ነገር ቢኖረው ይቻላል» ብሎ ዝርዝር አወጣ። ውሃ 500 ፒፒኤም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ 200። የሰልፈር ኦክሳይዶች 100። የናይትሮጅን ኦክሳይዶች 100። አስተሳሰቡ ግልጽ ነበር። ቧንቧው ቢፈነዳ አጠገቡ ያለው ሰው ከካርቦኑ ቀድሞ በባዕዱ ጋዝ እንዳይመረዝ። ውሃው ደግሞ ለብቻው ጠል ሆኖ እንዳይወርድ። ውሃ ብቻውን ከሆነ እኮ ከፍተኛ ግፊት ላይ ያለ ካርቦን ከ2,000 ፒፒኤም በላይ ያሟሟዋል። 500 ማለት በቂ ጥንቃቄ ይመስላል።

አሁን የኖርዘርን ላይትስን ዝርዝር ስሙ። ውሃ 30። ኦክስጅን 10። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ 9። የሰልፈር ኦክሳይዶች 10። የናይትሮጅን ኦክሳይዶች መጀመሪያ 10፤ በኋላ ወደ 1.5 ወረደ። ከ100 ወደ 1.5! ምን ተፈጠረ?

የተፈጠረው ይህ ነው። ሰዎች አንድ ላይ ለኳቸው። እዚሁ ኦስሎ አጠገብ፣ ሼለር ያለው የኢነርጂ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውሃውን፣ ኦክስጅኑን፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱን፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱንና ሃይድሮጅን ሰልፋይዱን በተጨመቀ ካርቦን ውስጥ አንድ ላይ አስገባ። እያንዳንዱ ለብቻው ከተፈቀደለት በታች ነው። አንድ ላይ ግን ሰልፈሪክ አሲድ ሠሩ። ናይትሪክ አሲድ ሠሩ። ድኝ ሠሩ።

እንዲህ ያለ ሙከራ ካለቀ በኋላ የተከፈተ ዕቃ አይቻለሁ። ሲገባ ብርጭቆው እንደ መስታወት ንጹሕ ነበር። ሲወጣ ግድግዳው ላይ እንደ እርድ የቢጫ ብናኝ ለብሷል። ታች የተንጠለጠለችው የብረት ቁራጭ ጥቁርና ቡኒ ሆናለች። ሥሯ ላይ ዘይት የመሰለ ጠብታ ተጣብቋል። ቴክኒሻኗ በጓንት ያዘችና በመርማሪ ወረቀት ነካችው። ወረቀቱ ወዲያው ቀላ። አሲድ!

የናይትሮጅን ኦክሳይድ ነገር በተለይ ይገርማል። ሰልፈር ዳይኦክሳይዱን ከውሃ ጋር ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጠውና ራሱ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል። ኦክስጅን ሲያገኝ ደግሞ ተመልሶ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። እንደገና ይሠራል። እንደገና። እንደ ደላላ ያገናኛል እንጂ ራሱ አያልቅም። ይህ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዞች በእርሳስ በተለበጡ ክፍሎች ውስጥ ሰልፈሪክ አሲድ ያመርቱ የነበረው በዚሁ ኬሚስትሪ ነው። ሳናውቀው ቧንቧችንን የአሲድ ፋብሪካ ልናደርገው ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ ይህን ተመልከቱ። ከአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ወደ ካናዳ ዌይበርን የሚሄድ የካርቦን ቧንቧ አለ፤ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከ2000 ጀምሮ ይሠራል። ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ 0.9 በመቶ ገደማ ነው፤ 9,000 ፒፒኤም! የኖርዘርን ላይትስን አንድ ሺህ እጥፍ። እንዴት አልተበላም? በጣም ደረቅ ነው፤ ኦክስጅንም የለውም ማለት ይቻላል። የሚጣላው አላገኘም።

የእኔ ነገር እዚህ ላይ ነው ወንድሞቼ። ዝርዝሩ ረድፍ በረድፍ ነው የሚፈርደው። ውሃ ለብቻ፣ ኦክስጅን ለብቻ፣ ሰልፈር ለብቻ። ቧንቧው የሚያገኛቸው አንድ ላይ ነው። አንድ ላይ! ከአንዱ ፋብሪካ የመጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድና ከሌላው የመጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ኦይጋርደን ያለው ታንክ ውስጥ ቢገናኙስ? ሁለቱም ፋብሪካዎች ወረቀታቸው ንጹሕ ነው። ሁለቱም ዝርዝሩን አሟልተዋል። ታንኩ ግን ወረቀት አያነብም።

ታዲያ ይህን ሞዴል ማድረግ አይቻልም? ይቻላል፣ በከፊል። አንድ ዓይነት ሞዴል «ለዘላለም ብትተዋቸው መጨረሻቸው ምን ይሆናል?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። እሱ ብዙ ጊዜ አሲድ ነው የሚለው። ግን መቼ? በአንድ ሰዓት ነው በአንድ ዓመት? መርከቡ ውስጥ ካርቦኑ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ነው፤ ግፊቱ 15 ባር ገደማ። በዚያ ብርድ አንዳንዱ ለውጥ ይተኛል፤ አንዳንዱ አይተኛም። ፍጥነቱን የሚነግረን ልኬት ነው፤ ልኬቱ ደግሞ ገና ጥቂት ነው። ብዙው የተሠራው በቧንቧ ሙቀት ነው። ስለዚህ እኔ ሁለት ውጤት ነው የምሰጠው፦ በጣም የከፋውንና ይሆናል ብዬ የማምነውን። በመሃላቸው ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ አለቆችን ያናድዳል። ይናደዱ። ርቀቱን ደብቄ አንድ ቁጥር ብሰጣቸው ደስ ይላቸው ነበር፤ ያኔ እኔ እንቅልፍ አጣለሁ።

ሦስተኛው። ሂሳቡ። ይህን አላስረዝምም። እያንዳንዱን ፒፒኤም ማውረድ ገንዘብ ነው፤ ተጨማሪ ማጠቢያ፣ ተጨማሪ ማድረቂያ፣ ተጨማሪ መብራት። የሚከፍለው የሚልከው ፋብሪካ ነው። የሚጠቀመው ደግሞ በዋናነት የቧንቧው ባለቤት ነው። ላኪው «አጠበቃችሁብን» ይላል፤ ተቀባዩ «ቧንቧዬ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ወደ ተቀባዩ አደላለሁ። ባሕር ወለል ላይ የተኛ ቧንቧ ቢበላ የሚጠግነው መርከብ ኪራይ ከማንም ማጠቢያ ይበልጣል። ደግሞም አንድ ተኩል ፒፒኤም ማለት ቀላል ነው፤ መለካት ሌላ ነው። ናሙናውን ከቧንቧው ስታወጡት ግፊቱ ይወርዳል፤ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው መስመሩ ላይ ይለጠፋል። መለኪያው ጋ የሚደርሰው ያወጣችሁት አይደለም።

«አገራችንስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሁሌም ይመጣል። ኢትዮጵያ ነገ የካርቦን ቧንቧ ትዘርጋ የምል ሰው አይደለሁም። የምንለቀው ትንሽ ነው፤ ያልደረሰልን መብራትና ውሃ ብዙ ነው። ግን አንድ ነገር ዓይኔን ይስበዋል። አይስላንድ ውስጥ ሄሊሼይዲ በሚባል የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ካርብፊክስ የሚባል ሥራ አለ። ከመሬት የሚወጣው እንፋሎት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አብሮት ይወጣል። እነሱ አልለዩዋቸውም። ሁለቱንም በውሃ አሟሙተው ወደ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ወደ ባዛልት፣ መለሷቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ካርቦኑ ከሞላ ጎደል በሙሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ድንጋይ ሆነ። እኛ እዚህ በ9 ፒፒኤም እንጣላለን፤ እነሱ ባዕዱን ጋዝ አብረው ቀበሩት። ዋጋው ውሃ ነው፤ ለአንድ ቶን ካርቦን ከ20 ቶን በላይ።

እኛም እንፋሎት አለን፤ አሉቶ ላንጋኖ አለ። ባዛልት ደግሞ አብዛኛው ደጋችን የቆመበት ነው። በአይስላንድ የጂኦተርማል (የከርሰ ምድር እንፋሎት) ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም ሁለት ፊት አያለሁ። በስምጥ ሸለቆ ውሃው ከየት ይመጣል የሚለውን ከእኔ ይልቅ እነሱ ይመልሱ፤ ማይክሮፎኑን አቀብላቸዋለሁ።

ለተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። ሶፍትዌር ሁሉም ሰው ይከፍታል። የቀሩት ቀይ ሳጥኖች ግን በሶፍትዌር አይሞሉም። ሦስትና አራት ጋዝ አንድ ላይ፣ በመርከብ ቅዝቃዜ፣ በፒፒኤም ደረጃ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው፤ አንዲት ነጥብ ለማግኘት ቀናት ይፈጃል፤ ፎቶ አያምርም። የላቦራቶሪ እጅ ያላችሁ፣ ቫልቭ ማጥበቅ የማይሰለቻችሁ፣ ከቡናው በኋላ እዚያ ጥግ ላይ ታገኙኛላችሁ። ክፍት የሆኑ የምርምር ቦታዎችን ዝርዝር ይዣለሁ።

አሁን ጥያቄ። እዚያ ኋላ እጅህን ያነሳኸው ወንድሜ፣ ቀጥል።